ምስክርን መመርመር፦ የማርክ ብሎክ ሕይወትና የታሪክ ትምህርት ፋይዳ በዩኒቨርሲቲ

መግቢያ

በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍልን የሚመርጥ ተማሪ ከዘመድም ከጓደኛም የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ተመርቆ ምን ሊሠራበት? ጥያቄው ከኑሮ ጭንቀት የሚመነጭ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስ ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ያለፈውን የማያውቅ የወደፊቱን አያውቅም ይባላል፤ ታሪክ ራሱን ስለሚደግም ከታሪክ እንማር ይባላል። እነዚህ አባባሎች ታሪክን ለማክበር የተነገሩ ቢሆኑም፣ ሰው ለምን የታሪክ መጽሐፍ ማንበብ እንዳለበት እንጂ ለምን ዓመታትን የሚፈጅ የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና እንደሚያስፈልገው አያስረዱም። የሚፈለገው የተደረገውን ነገር ማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ቤተ መጻሕፍት በበቃ ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ይመለከተዋል። ማርክ ብሎክ የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ያጠና ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር ነበር። በሁለት የዓለም ጦርነቶች ተሰልፏል፤ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የታሪክ መጽሔቶች ሁሉ ከፍተኛ ተጽዕኖ ካሳደሩት አንዱን መሥርቷል፤ በመጨረሻም አገሩን በወረረው የናዚ ጀርመን ኃይል እጅ ተገድሏል። የታሪክ ጥቅም ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በመጽሐፍ ለመመለስ የተነሣው መንበሩንና ቤተ መጻሕፍቱን ካጣ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለታሪክ ተማሪ የሚሰጠው ዋነኛ ሀብት ያለፈው ዘመን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ምስክርነትን የመመርመር ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ካልሠራ ዋጋው ጎደሎ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመምህር ልጅ

ማርክ ብሎክ ጁላይ 6 ቀን 1886 በሊዮን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ከአልዛስ ግዛት የመጣ አይሁዳዊ ቤተሰብ ሲሆን ከፈረንሳይ ጋር ያለው ትስስር በትምህርትና በውትድርና የጸና ነበር። ቅድመ አያቱ በ1793 በአብዮቱ ጦር ውስጥ ወታደር ነበር። አባቱ ጉስታቭ ብሎክ በ1870 ስትራስቡርግ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ ከተማዋን ከተከላከሉት አንዱ ነው፤ በኋላም የጥንታዊት ሮም ታሪክ ምሁር ሆኖ በሊዮንና በፓሪስ አስተምሯል። ስለዚህ ብሎክ የታሪክን ሙያ ገና በልጅነቱ ከገበታ ዙሪያ ሰምቶታል ማለት ይቻላል።

ሆኖም ከቤቱ ይልቅ የዘመኑ ታላቅ የፍርድ ጉዳይ የእርሱን ትውልድ ቀርጾታል። በ1894 አይሁዳዊው የፈረንሳይ ጦር መኮንን ሻምበል አልፍሬድ ድሬፉስ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በሐሰት ተፈረደበት። የክሱ መሠረት አንድ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ጉዳዩ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ ለዓመታት ሲያወዛግብ፣ የመካከለኛውን ዘመን ብራናዎች በማንበብ የተካኑ ምሁራን ፍርድ ቤት ቀርበው ጽሑፉ የድሬፉስ አለመሆኑን አስረዱ። ድሬፉስ ነጻ የተባለው በ1906 ነው። የብራና ጽሑፍን ዘመንና ጸሐፊ ለመለየት የተበጀው ሙያ የአንድን ንጹሕ ሰው ክብር ለማስመለስ ሲውል በዚያ ዘመን የተማሩ ወጣቶች ሁሉ አይተዋል። ሰነድን መመርመር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም።

ብሎክ በ1904 ወደ ፓሪሱ ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1908 ለታሪክና ለጂኦግራፊ መምህርነት የሚደረገውን አገር አቀፍ የውድድር ፈተና አለፈ። ከዚያ በበርሊንና በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ የጀርመንን የሴሚናር ሥርዓት ተመለከተ። በዚያ ሥርዓት ተማሪው ትምህርቱን ከመምህሩ ቃል ብቻ አይቀበልም፤ ሰነዱ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ሊያገኝበት ፈልጎ ጻፈው እያለ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ይከራከርበታል። ብሎክ ሲመለስ በሞንፔልዬና በአሚያን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። በጁላይ 1914 በአሚያን በሽልማት ቀን ለተማሪዎች ንግግር እንዲያደርግ ሲጋበዝ የመረጠው ርዕስ የምስክርነት ምርመራ ነበር። ታማኝ ሰውም ሳያውቅ ሊሳሳት እንደሚችል፣ የሁለት ምስክሮች ቃል አለመጣጣም ብቻ ሳይሆን ከልክ ያለፈ መመሳሰልም ሊያጠራጥር እንደሚገባ ለልጆቹ አስረዳ። ንግግሩ ከተደረገ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ምሽግ እንደ ቤተ ሙከራ

ብሎክ በሃምሳ አለቃነት ዘምቶ በማርን ውጊያ ተሰለፈ፤ በ1915 መጀመሪያ በታይፎይድ በጠና ታሞ ዳነ፤ ጦርነቱንም በሻምበልነት ማዕረግና በጀግንነት ሜዳሊያዎች ፈጸመ። በጦርነቱ ሁለተኛ አጋማሽ የክፍለ ጦሩ የመረጃ መኮንን ሆኖ ማገልገሉ የታሪክ ሙያውን ወደ ጦር ሜዳ አመጣው። በ1921 ባሳተመው ስለ ጦርነት የሐሰት ወሬዎች በሚያወሳ ጽሑፉ ካስቀመጣቸው ምሳሌዎች አንዱ እዚህ ሊተረክ ይገባዋል።

በ1917 መስከረም አካባቢ ሸመን ደ ዳም በሚባለው ግንባር ፈረንሳውያን አንድ ጀርመናዊ ወታደር ማረኩ። ምርኮኛው ብሬመን ከምትባለው የጀርመን ከተማ የመጣ መሆኑን ተናገረ። ጥቂት ቆይቶ በሠራዊቱ መካከል ሌላ ወሬ ተሰማ፤ ሰውየው ከጦርነቱ በፊት ከግንባሩ ጀርባ በምትገኘው ብሬን በምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ይነግድ የነበረ ሰላይ ነው ተባለ። የሁለቱ ከተሞች ስም በፈረንሳይኛ አነጋገር ይቀራረባል። ወታደሩ የሩቋን ከተማ ስም ሲሰማ የሚያውቃትን የጎረቤቷን ስም ተካ። ብሎክ ግን የጆሮ ስሕተት ነው ብሎ አላለፈውም። ሌላ ስሕተት ሳይሆን ይህ ስሕተት ለምን ተስፋፋ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ወሬው ሰዎች አስቀድመው ያመኑትን የሚያጸና ነበር የሚል ነው። ጀርመኖች በየመንደሩ ሰላይ አሰማርተዋል የሚለው እምነት ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ተስፋፍቶ ስለነበር፣ የተሳሳተው ቃል በተዘጋጀ መሬት ላይ የወደቀ ዘር ሆነ።

ብሎክ የወሬውን መንገድም ተከታትሏል። ጋዜጦች በመንግሥት ሳንሱር ስለተያዙ ወታደሩ የታተመን ቃል ማመን ትቶ ነበር። በምሽጎች መካከል ያለው ግንኙነት የተቆራረጠ ቢሆንም፣ ምግብ ለመቀበል ከየጓዱ የሚላኩ ሰዎች ከግንባሩ ጀርባ ባሉት ወጥ ቤቶች ይገናኙ ነበር። ወሬ የሚቀባበለውና የሚያድገው በዚያ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤትና ስልክ ባለበት አገር ሕዝቡ ወደ ቃል ትውፊት ዘመን የተመለሰ መሰለ። የመካከለኛውን ዘመን ለሚያጠና ሰው ይህ በገዛ ዓይኑ የሚያየው ሙከራ ሆነለት፤ የገዳም ጸሐፊዎች ከነጋዴና ከመንገደኛ የሰሙትን እንዴት እንደመዘገቡ ከምሽጉ ተረዳ። የሐሰት ወሬ ስለ ተነገረው ነገር ላይጠቅም ይችላል፤ ስላመኑት ሰዎች ግን ብዙ ይናገራል። ይህ ግንዛቤ የቀጣዩ ታላቅ ሥራው መነሻ ሆነ።

ስትራስቡርግ፦ ጥያቄን ማስፋት

አልዛስ በ1871 ወደ ጀርመን ተዛውሮ ከቆየ በኋላ በ1918 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተደራጀ። ብሎክ በ1919 በዚያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በዚሁ ዓመት ሲሞን ቪዳልን አገባ፤ ስድስት ልጆችንም ወለዱ። በዩኒቨርሲቲው ከታሪክ ምሁሩ ሉሲየን ፌቭር ጋር ጎረቤት ሆነ፤ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩን ሞሪስ ሃልብቫክስንና የሥነ ልቡና ምሁሩን ሻርል ብሎንዴልን የመሳሰሉ ባልደረቦች ነበሩት። የተለያዩ የጥናት ዘርፎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው መከራከራቸው ዩኒቨርሲቲ ለታሪክ የሚሰጠው፣ ብቻውን የሚያነብ ሰው ግን የማያገኘው ጥቅም ነው።

በ1924 ያሳተመው መጽሐፍ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት በእጃቸው በመዳሰስ ሕመምተኛን ይፈውሳሉ የሚለውን እምነት ያጠናል። ሕመሙ የአንገት ዕጢን የሚያሳብጥና የሚያቆስል የነቀርሳ ዓይነት ነበር። በእንግሊዝ ይህን ሥርዓት የፈጸመች የመጨረሻዋ በ1714 የሞተችው ንግሥት አን ናት፤ በፈረንሳይ ደግሞ ሻርል 10ኛ በ1825 ለመጨረሻ ጊዜ ፈጽሞታል። ቀደም ያሉ ጸሐፊዎች ጉዳዩን እንደ ተረት ያልፉት ነበር። ብሎክ ግን ይህን ያህል ብዙ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለምን አመነ ብሎ ጠየቀ። በሽታው አንዳንድ ጊዜ በራሱ ጊዜ ስለሚለዝብ የዳነው ሰው ለንጉሡ ይመሰክር ነበር፤ ያልዳነው ግን እምነቱን አላፈረሰውም፤ ተአምር ይጠበቅ ስለነበር ተአምር ታየ። ብሎክ በዚህ ጥናት የነገሥታትን ሥልጣን ከአዋጅና ከጦር ባሻገር በሕዝብ ልቡና ውስጥ ፈለገው። የብሬኑ ሰላይ ወሬና የንጉሡ እጅ ፈውስ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተመረመሩ።

ሁለተኛው ዐቢይ ሥራው በ1931 የወጣው የፈረንሳይ የገጠር ታሪክ ነው። መነሻው በ1929 በኦስሎ የሰጣቸው ተከታታይ ንግግሮች ናቸው። በዚህ መጽሐፍ ሰነዱ የተጻፈ ወረቀት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የእርሻው መልክ ራሱ ምስክር ሆነ። በሰሜን ፈረንሳይ ረጃጅምና ጠባብ ክፍት ማሳዎች ይገኛሉ፤ አፈሩን የሚገለብጠው ባለ ጎማ ማረሻ ለመዞር ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ከእነዚህ ማሳዎች ጋር ይሄዳል። በደቡብ ደግሞ ማሳው ቅርጹ የተዘበራረቀ ሲሆን መሣሪያው አፈሩን ሳይገለብጥ የሚሰነጥቀው ቀላሉ ማረሻ ነው። በሞፈርና በቀንበር የሚታረሰው የእኛ አገር ማረሻ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ስለሚመደብ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሆኖም ብሎክ መሣሪያ ብቻውን ሁሉን ይወስናል ከማለት ተቆጥቧል፤ የመንደሩ የጋራ ልማድና የመሬት መብትም አብረው መጠናት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሰነዱ በሳሳበት ሩቅ ዘመን ከመጀመር ይልቅም በደንብ ከሚታወቀው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ካርታ ተነሥቶ ወደ ኋላ መጓዝን መረጠ።

በጃንዋሪ 1929 ብሎክና ፌቭር አናል በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ታሪክ መጽሔት መሠረቱ። ዓላማው ታሪክን ከነገሥታትና ከጦርነት ዝርዝር አውጥቶ ከጂኦግራፊ፣ ከኢኮኖሚና ከማኅበረሰብ ጥናት ጋር ማገናኘት ነበር። ብሎክ በ1936 በፓሪስ የሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ መንበር ተሰጠው። በ1939 እና በ1940 በሁለት ክፍል የወጣው የፊውዳል ማኅበረሰብ ጥናቱ የጌታና የሎሌ ትስስር እንዴት እንደተፈጠረና እንዴት እንደተለወጠ ከመረመረ በኋላ አውሮፓን ከጃፓን ጋር በማነጻጸር ይደመድማል። ፊውዳል የሚለው ቃል በእኛም አገር ሰፊ ታሪክ አለው። የተማሪዎች ንቅናቄ የዘመኑን ሥርዓት ለመክሰስ ተጠቅሞበታል፤ ምሁራን ደግሞ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቃሉ ጉልትንና ርስትን በትክክል ይገልጻል ወይስ ያዛባል በማለት ተከራክረዋል። ክርክሩ የቃላት ብቻ አልነበረም፤ አንድን ማኅበረሰብ ከሌላው ጋር ስናነጻጽር ስሙን ከመዋሳችን በፊት አሠራሩን መመርመር አለብን የሚለው የብሎክ ትምህርት ነው።

ሽንፈትን መመስከር

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ብሎክ 53 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውና የስድስት ልጆች አባት መሆኑ ከዘመቻ ነጻ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በፈቃዱ ዘመተ። በአንደኛው የፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ የነዳጅ አቅርቦት ኃላፊ ሆነ። በሜይ 1940 ጀርመን ግንባሩን ሰብራ ስትገባ ከዳንከርክ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ወዲያው ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ጀርመኖች ሬን ከተማ ሲደርሱ የሲቪል ልብስ ለብሶ በእውነተኛ ስሙ ሆቴል ተመዘገበ፤ ጠጉሩ የሸበተ መምህር ውስጥ መኮንን ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረምና ከምርኮ ዳነ። ከዚያም ቤተሰቡ ወደሚገኝበት ወደ ክሩዝ አውራጃ ደረሰ።

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር 1940 ባሉት ጥቂት ወራት ስለ ሽንፈቱ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ አደረጃጀት የሙያውን ሥርዓት ይከተላል። በመጀመሪያ ራሱን እንደ ምስክር ያቀርባል፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተመደበ፣ ከዚያ ቦታ ምን ማየት እንደቻለና ምን እንዳልቻለ ይዘረዝራል። ይህን ካደረገ በኋላ ያየውን ይመሰክራል። በመጨረሻም የአገሩን፣ የትውልዱንና የራሱን ኅሊና ይመረምራል። የሌላውን ቃል ሲጠራጠር የኖረ ሰው የራሱንም ቃል በዚያው ሚዛን ላይ አስቀመጠው።

በዚህ መጽሐፍ ከሚገኙት ሐሳቦች ለያዝነው ርዕስ ዋነኛው የጦር አዛዦችን አስተሳሰብ የሚመለከት ነው። አዛዦቹ በጦር ትምህርት ቤት ታሪክ ተምረዋል፤ እንዲያውም ካለፈው ጦርነት ትምህርት ወስደዋል። ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። የ1914ቱ ጦርነት የሚደገም መስሏቸው በእግረኛ ፍጥነት የሚለካ ጦርነት ሲጠብቁ፣ ጠላት በሞተርና በአውሮፕላን ፍጥነት መጣ። የመከላከያ መሥመር ወደ ኋላ ሲስቡ ጠላት አስቀድሞ ሊደርስበት በሚችል ቅርብ ቦታ ላይ ይስቡት ነበር። ስለዚህ ሽንፈቱን ተከትሎ ታሪክ አታለለን ወይ የሚል ጥያቄ ቢነሣ ብሎክ የሚመልሰው ነበረው። በእርሱ አመለካከት ታሪክ የለውጥ ጥናት ነው፤ ሁለት ሁኔታዎች ፈጽሞ አንድ እንደማይሆኑና ልዩነታቸው ከምን እንደመጣ ያስተምራል። አዛዦቹን የጎዳቸው በሚገባ ያልተማሩት ታሪክ ነው። በመግቢያችን ያነሣነው ታሪክ ራሱን ይደግማል የሚል አባባል በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ብሎክ ግን አዛዦችን ብቻ ከስሶ አልተወም። የእርሱ ትውልድ መምህራን በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ጥሩ ሠራተኞች እንደነበሩ፣ ሆኖም ወደ ጥናት ክፍላቸው ገብተው አደጋው ሲመጣ እያዩ በአደባባይ ሳይናገሩ እንደቀሩ አመነ። የሙያው ክብር ይህን ጸጸት አይሽረውም። የመጽሐፉ ረቂቅ በወዳጆች እጅ ተደብቆ ቆይቶ በ1946 ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ታተመ።

ውስጥ አርበኛው መምህር

በኦክቶበር 1940 የቪሺ መንግሥት አይሁድን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወግድ ሕግ አወጣ። ብሎክ በሳይንሳዊ አገልግሎቱ ምክንያት ከሕጉ ከተለዩት ጥቂት መምህራን አንዱ ሆኖ በመጀመሪያ ወደ ክሌርሞን ፌራን በተሰደደው የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በሞንፔልዬ አስተማረ። በፓሪስ የነበረውን ቤተ መጻሕፍቱን ጀርመኖች ወሰዱበት። ከኒው ዮርክ የማስተማር ጥሪ መጥቶለት ነበር፤ ነገር ግን ለአዋቂ ልጆቹና ለአረጋዊት እናቱ የጉዞ ፈቃድ ባለመገኘቱ እነርሱን ትቶ መሄድን አልመረጠም።

በዚያው ጊዜ ከፌቭር ጋር መራራ ክርክር ገጠመው። ፌቭር መጽሔታቸው በወራሪዎች በተያዘችው ፓሪስ መታተሙን እንዲቀጥል ፈለገ፤ ለዚህም የአይሁዳዊው ተባባሪ ስም ከሽፋኑ መውጣት ነበረበት። ብሎክ መጀመሪያ ተቃወመ፤ በመጨረሻ ግን ተስማምቶ ፉዠር በሚል የብዕር ስም መጻፉን ቀጠለ። ሁለቱ ሰዎች ለታሪክ ሙያ የሚከፈለው ዋጋ የት ላይ ማቆም እንዳለበት በተለያየ መንገድ ቢመልሱም ወዳጅነታቸው አልፈረሰም። ብሎክ ስለ ታሪክ ሙያ ይጽፍ የነበረውን መጽሐፍ ያበረከተው ለፌቭር ነበር።

ያ መጽሐፍ የሚነሣው አንድ ልጅ ለታሪክ ተመራማሪ አባቱ ታሪክ ለምን ይጠቅማል ሲል ካቀረበው ጥያቄ ነው። ብሎክ ጥያቄውን የልጅ ጥያቄ ብሎ አልናቀውም። በመጽሐፉ ውስጥ በፈቃዳቸው የሚመሰክሩ ምንጮችን ሳያስቡት ከሚመሰክሩት ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ለትውልድ እንዲነገር የተጻፉ ናቸው፤ በእኛ አገር ዜና መዋዕል ከነዚህ ይመደባል። ሁለተኛዎቹ ለዕለት ጉዳይ ተዘጋጅተው ሳያስቡት ለእኛ የሚናገሩ ናቸው፤ በአብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ የመሬት ውሎችን በምሳሌነት ማሰብ ይቻላል። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው፤ ጥያቄ ካልቀረበላቸው አይናገሩም። መጽሐፉ ስለ ታሪካዊ ምክንያት በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ፌቭርም በ1949 እንዳለ አሳተመው።

መጽሐፉን ያቋረጠው ትግሉ ነው። በኖቬምበር 1942 ጀርመኖች ደቡብ ፈረንሳይን ሲይዙ ብሎክ ወደ ኅቡዕ ትግል ገባ፤ በእኛ ቋንቋ ውስጥ አርበኛ ሆነ ማለት ነው። በሊዮን በፍራን ቲረር ንቅናቄ ውስጥ ተሰልፎ አርፓዦን፣ ሸቭረዝ፣ ናርቦን እየተባለ በተለዋዋጭ የምሥጢር ስም ሠራ። ዕድሜያቸው የተማሪዎቹን ያህል ከነበረ ወጣቶች ትእዛዝ እየተቀበለ መልእክት አመላለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው አመራር ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊነት ያዘ። በኅቡዕ በሚታተም መጽሔት ላይም ስለ ትምህርት መሻሻል ጽፏል። ለፈተና ብቻ የሚደረግ ሽምደዳ የተማሪውን የማወቅ ፍላጎት እንደሚገድልና ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ ከዚህ መላቀቅ እንዳለባት ተከራክሯል። ለሕይወቱ በሚሰጋበት ሰዓት ስለ ፈተና ሥርዓት መጻፉ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለእርሱ ግን የሽንፈቱ ሥር ከፊሉ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር።

ማርች 8 ቀን 1944 ሊዮን ውስጥ ተያዘ። ጌስታፖ አሠቃየው፤ በሞንሉክ እስር ቤትም አሰረው። ጁን 16 ቀን 1944 ከሌሎች ከሃያ ከሚበልጡ እስረኞች ጋር ሳን ዲዲዬ ደ ፎርማን በምትባል መንደር አጠገብ ወደሚገኝ ሜዳ ተወስዶ ተረሸነ። ከሞት የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ባለቤቱ ሲሞን በሕመም ምክንያት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረፈች። ብሎክ በ1941 በጻፈው ኑዛዜ በመቃብሩ ላይ እውነትን የሚወድ እንደነበረ የሚገልጽ ቃል ብቻ እንዲጻፍ ጠይቆ ነበር። ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን በምታሳርፍበት በፓንቴዎን ስሙ እንዲከበር የተወሰነው በ2024 ነው።

ማጠቃለያ

የብሎክ ሕይወት ታሪክ መማር ሰውን ከአደጋ ያድናል የሚል ቀላል ድምዳሜ አይሰጥም። አገሩ ከተሸነፈችበት ሽንፈት አላዳናትም፤ እርሱንም ከሞት አላዳነውም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። በሴሚናር ጠረጴዛ ላይ የተማረው የሰነድ ምርመራ በምሽግ ውስጥ ወሬን ለመለየት፣ በንጉሥ ተአምር ውስጥ የሕዝብን ልቡና ለማንበብ፣ በማሳ ቅርጽ ውስጥ የገበሬን ሥርዓት ለማየት፣ በሽንፈት ማግሥት ደግሞ ራስን ያለ ርኅራኄ ለመጠየቅ አገልግሏል። ሙያው አንድ ሲሆን የተመረመሩት ምስክሮች ብዙ ናቸው።

ይህ ለአገራችን የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ያዘጋጇቸው ጽሑፎች፣ ብዙዎቹ ከአረጋውያን አንደበት በተሰበሰበ ቃል ላይ የተመሠረቱ፣ ለታላላቅ ምሁራን መጻሕፍት ሳይቀር ምንጭ ሆነዋል። ያ ተማሪ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ሲሄድ ያገኘው መረጃ ብቻ አልነበረም። አባት በአክብሮት የነገሩትን ቃል በአክብሮት ተቀብሎ፣ ከሌላው ሽማግሌ ቃልና ከሰነድ ጋር ማመሳከርን ተምሯል። ማክበርና መመርመር አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ያለፈው ዘመን የየወገኑ መከራከሪያ በሆነበት፣ የማንነት ጥያቄ በአንድ ፎቶግራፍና በአንድ መሥመር ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ በሚዛመትበት ጊዜ ደግሞ ይህ ችሎታ ለታሪክ ተመራቂ ብቻ የሚተው አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የታሪክ ኮርስ ስናስተምር የምናወጣው ፈተና የሚለካውን ነገር ደግመን ልናስብበት ይገባል። ዓመተ ምሕረትና የነገሥታት ስም መታወቅ አለባቸው፤ ያለ እነርሱ ጥያቄም አይነሣም። ነገር ግን ተማሪው በሴሚስተሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚጣረሱ ሁለት ምንጮችን ይዞ ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ ለምን ብሎ ካልጠየቀ፣ የራሱንም ወገን ትረካ በዚያው ሚዛን ካላስቀመጠ፣ የተማረው ታሪክ የፈተናው ዕለት ያበቃል። ተመርቆ ምን ሊሠራበት ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ይጀምራል፤ የሰማውን ከማመኑና ከማስተላለፉ በፊት መጠየቅ የለመደ ሰው በዳኝነት ወንበርም፣ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍልም፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትም፣ በቤተሰብ ገበታ ዙሪያም ይፈለጋል።